የቁንጅና ዘውድና የተዋናይት ፊት፤ ሉቺያ ቦዜ በፊልም ዓለም

«መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» ይላል የቆየው ተረት። መልክ ያልታደለውን ሰው ስም ይካሰው ማለት ነው። የቁንጅና ውድድር የሚባለው የዘመናዊ ገበያ ትርኢት ግን ምክሩን ገልብጦ ይዞታል። መልከ መልካሟን ከያለችበት ፈልጎ ያወጣና የአገር ስም ደግፎ፣ ዘውድ ደፍቶ፣ ቁጥር ለጥፎ ለተመልካች ያቀርባታል። ከዚያች ዕለት በኋላ ፊቷ የራሷ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ሳሙና የሚሸጠው ይፈልገዋል፤ መጽሔት የሚያሳትመው ይፈልገዋል፤ ከሁሉም አብልጦ ፊልም የሚያሠራው ይፈልገዋል።

ለሽያጭ የተመረጠ ፊት የጥበብ መሣሪያ ሊሆን ይችላልን? ቢችልስ ማን ያደርገዋል? ዲሬክተሩ ነው፣ ካሜራው ነው ወይስ የፊቱ ባለቤት ራሷ? ይህ ጥያቄ በአንድ አገር ወይም በአንድ ዘመን የሚወሰን አይደለም፤ ተዋናይ የሚመለመልበት ቦታ ሁሉ ይነሣል። ጣልያናዊቷ ሉቺያ ቦዜ ከኬክ ቤት ባንኮኒ ወደ ውድድር መድረክ፣ ከውድድር መድረክ ወደ ሲኒማ መጋረጃ የተጓዘችበት መንገድ ለጥያቄው የተሟላ መልስ ባይሆንም የተሟላ ማስረጃ ነው።

ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይበጃል። የጣልያን የቁንጅና ውድድር የተወለደው ከማስታወቂያ ማሕፀን ነው። በ1939 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የማስታወቂያ ባለሙያው ዲኖ ቪላኒ የጥርስ ሳሙና ለማስተዋወቅ «ለአንድ ፈገግታ 5,000 ሊሬ» የተሰኘ ውድድር አቋቋመ። ልጃገረዶች ፎቶግራፋቸውን ይልካሉ፤ ፈገግታዋ የበለጠ ያማረው ትሸለማለች። በሐሳቡ ጥንስስ ከቪላኒ ጋር የነበረው ሰው ደራሲው ቼዛሬ ዛቫቲኒ ነው። ይህ ስም ለፊልም ወዳጆች እንግዳ አይደለም። በ1948 ለወጣው «የብስክሌት ሌቦች» ብዕሩን ያበረከተው፣ አዲስ እውነታዊነት ወይም ኒዮሪያሊዝም ለተባለው የጣልያን ፊልም እንቅስቃሴ ዋነኛ አሳቢ የሆነው ይኸው ዛቫቲኒ ነው። ውድድሩ በጦርነቱ ተቋርጦ ቆየና በ1946 «ሚስ ኢታሊያ» በሚል ስም፣ በሰሜን ጣልያን በማጆሬ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በስትሬዛ ከተማ እንደገና ተጀመረ።

ዛቫቲኒን በዚህ መክሰስ አይገባም። ነገር ግን ገበያውና ጥበቡ ከአንድ ምንጭ ሲቀዱ መገኘታቸው ልብ ሊባል ይገባዋል። ሁለቱም የሚሹት ያልታወቀውን፣ ትወና ያልተማረውን፣ ከሕዝብ መካከል የወጣውን ፊት ነበር። በ«የብስክሌት ሌቦች» ዋናውን ሰው ሆኖ የታየው ላምቤርቶ ማጆራኒ ከፋብሪካ የመጣ ሠራተኛ ነበር። ፊልሙ ዓለምን ዞረ፤ እርሱ ግን ወደ ፋብሪካው ከተመለሰ በኋላ ከሥራው ተቀነሰ፤ በሲኒማውም ያን የመሰለ ቦታ ዳግመኛ አላገኘም። ስለዚህ «ውድድሩ ፊት ይነግዳል፣ እውነተኛው ጥበብ ግን ሰውን ያከብራል» ብሎ በቀላሉ መፍረድ አይቻልም። ልዩነቱ ፊቱ ከተመረጠ በኋላ በሚጠየቀው ነገር ላይ ነው።

ሉቺያ ቦርሎኒ፣ በኋላ ስሟ ሉቺያ ቦዜ፣ በ1931 በሚላኖ ከድኻ ቤተሰብ ተወለደች። ገና በልጅነቷ ሥራ ገባች። ከጦርነቱ በኋላ በከተማይቱ በታወቀ አንድ ኬክ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆማ ለባለጸጎች ጣፋጭ እየጠቀለለች ትሸጥ ነበር። ከመሳፍንት ቤተሰብ የተወለደው ዲሬክተር ሉኪኖ ቪስኮንቲ እዚያው ባንኮኒ ላይ አይቷት ለፊልም እንደምትሆን መናገሩ በሕይወት ታሪኳ ዘወትር ይወሳል። በ1947፣ በ16 ዓመቷ፣ በስትሬዛ ዘውዱን ደፋች። በዚያ ውድድር ሁለተኛ የወጣችው ጃና ማሪያ ካናሌ፣ ሦስተኛ የወጣችው ጂና ሎሎብሪጂዳ ነበሩ። ሦስቱም ፊልም ተዋናዮች ሆኑ። በ1946 የሮማ ወይዘሪት የተባለችው ሲልቫና ማንጋኖም እንዲሁ በ1949 በ«መራራ ሩዝ» ፊልም ስሟ ገነነ።

ይህ ሁሉ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ የጣልያን ፊልም ሥራ ተናግቶ ነበር። በሮማ የሚገኘው ትልቁ የፊልም ማዕከል ቺኔቺታ ለስደተኞች መጠለያ ሆኖ ነበር፤ በሲኒማ ቤቶች ደግሞ የአሜሪካ ፊልም እንደ ጎርፍ ይፈስስ ነበር። ፊልም አሠሪዎች በአነስተኛ ወጪ ሕዝብ የሚስብ አዲስ ፊት ፈለጉ። የቁንጅና ውድድሩ የምልመላውን ድካም በነፃ ሠራላቸው። በዚያ ላይ በጣልያን ሲኒማ የተዋንያንን ድምፅ በሌላ ሰው ድምፅ መተካት የተለመደ ስለ ነበር፣ ከውድድር የመጣች ልጅ መናገር ባትችል እንኳ ችግር አልነበረም። ፊቷን ታቀርባለች፤ ድምፁን ሌላ ሰው ይሞላላታል። ድኻዋ ልጅም በበኩሏ ከባንኮኒው ጀርባ የሚያወጣ ሌላ በር አልታያትም። ዘውዱን የፈለገችው ሞኝ ስለ ሆነች አይደለም፤ ከተከፈቱላት በሮች ሰፊው እርሱ ስለ ነበር ነው።

ቦዜ ፊልም የጀመረችው በ1950 ነው። በዚያ ዓመት ከታየችባቸው ፊልሞች አንዱ የጁዜፔ ዴ ሳንቲስ «በወይራዎቹ መካከል ሰላም የለም» የተባለው ነው። ዴ ሳንቲስ የጣልያን ኮሙኒስት ፓርቲ አባል ነበር፤ «መራራ ሩዝ»ንም የሠራው እርሱ ነው። ታሪኩ ከጦርነት ተመልሶ በጎቹ ተዘርፈው ስላገኛቸው እረኛ ነው። ዘራፊው ጉልበተኛ ነው፤ እማኞች ፈርተው ዝም ይላሉ፤ ፍርድ ቤቱም ተበዳዩን ያስራል። ቦዜ ሉቺያ የምትባለውን የእረኛውን ወዳጅ ሆና ተጫውታለች። የፊልሙ ዓላማ ጠንካራ ነው። የተዋናይቷ አቀራረብ ግን ደካማ ነው፤ ጥፋቱም የእርሷ ብቻ አይደለም። ዲሬክተሩ በድንጋያማው ኮረብታ ላይ እንደ ሐውልት ያቆማታል፤ ብርሃኑ የሚወድቅባት በስትሬዛ መድረክ ላይ እንደ ወደቀባት ነው። በእረኞቹ መካከል የቆመችው እረኛ ሳትሆን እረኛ ለብሳ የመጣች ወይዘሪት ናት። ስለ ድኻ የሚናገር ፊልም በአንዲት የድኻ ልጅ ላይ ድኽነትን እንደ ጌጥ ሲያለብስ፣ ከቅን ዓላማ ጋር የገበያውን ዓይን ሳያውቅ ይዞ ገብቷል ማለት ነው። ይህ ለሕዝብ እንሠራለን የሚሉ ከያንያን ሁሉ ሊጠነቀቁት የሚገባ ስሕተት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ ይታያል። የሠራተኛ ልጅ የሆነችው ቦዜ ድኻ ሆና ስትጫወት አታሳምንም፤ ከበርቴ ሆና ስትጫወት ግን ወደር የላትም። ይህን ያሳየው በዚያው በ1950 የሚኬላንጄሎ አንቶኒዮኒ የመጀመሪያው ረጅም የልብ ወለድ ፊልም፣ «የአንድ ፍቅር ዜና መዋዕል» ነው። ቦዜ የ19 ዓመት ልጅ ሳለች የሚላኖን ባለ ኢንዱስትሪ ሚስት ፓኦላን ሆነች። ፊልሙ የሚጀምረው በፎቶግራፍ ነው። ባልየው የሚስቱን ያለፈ ሕይወት እንዲያጠና የግል መርማሪ ቀጥሯል፤ የፓኦላ ፎቶግራፎችም በመርማሪው ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። በስትሬዛ ዳኞች ፊት የቀረበው ፊት አሁን በመርማሪ ፊት ቀረበ። ውበቷን የገዛው ሰው የገዛው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ደረሰኝ ሊያገላብጥ ይፈልጋል።

ምርመራው ሊደብቁት የሞከሩትን ነገር ራሱ ይወልደዋል። ለብዙ ዓመታት የተለያዩት ፓኦላና የቀድሞ ወዳጇ ጊዶ በምርመራው ምክንያት እንደገና ይገናኛሉ። በመካከላቸው የአንዲት ሴት ሞት አለ፤ የጊዶ እጮኛ በአሳንሰር ጉድጓድ ወድቃ ስትሞት ሁለቱም አላስጠነቀቋትም። አሁን ደግሞ ባልን ለመግደል ያሤራሉ። በድልድይ ላይ የሚመክሩበት ትዕይንት በፊልም ታሪክ የታወቀ ነው። ካሜራው ሳይቋረጥ በረጅሙ ይከተላቸዋል፤ ይዞራቸዋል፤ ዙሪያው ባዶ የሚላኖ ዳርቻ ነው። ቦዜ በዚያ ትዕይንት አታለቅስም፤ አትጮኽም። እጇን ከኮቷ ኪስ እንዴት እንደምታወጣ፣ ፊቷን ከጊዶ እንዴት እንደምታዞር መመልከት ይበቃል። በመጨረሻም ባልየው ሳይገድሉት በመኪና አደጋ ይሞታል፤ ወንጀሉን ሳይሠሩት ወንጀለኞች ሆነው ይቀራሉ፤ ይለያያሉ።

የኬክ ቤቷ ልጅ የከበርቴይቱን ሴት እንዲህ አድርጋ ልታቀርብ የቻለችው ስለ ምንድን ነው? ዘር የወለደው ሞገስ አይደለም። ከባንኮኒው ጀርባ የቆመ ሰው ከፊት ለፊት የሚቆመውን ያውቃል፤ ጓንት እንዴት እንደሚወልቅ፣ ገንዘብ ሳይታይ እንዴት እንደሚከፈል፣ ሻጭን ሳያዩ እንዴት እንደሚናገሩ ያያል። ሀብት ለባለጸጋው ተፈጥሮ ይመስለዋል፤ ለአገልጋዩ ግን የሚለበስና የሚወልቅ ልብስ መሆኑ ግልጽ ነው። ቦዜም ፓኦላን የተጫወተችው ልብስ እንደ ለበሰች ሴት ነው። በዚህ ረገድ የፊልሙ አንድ ዝርዝር ጉዳይ ብዙ ይናገራል። ባልየውን ሆኖ የተጫወተው ፈርዲናንዶ ሳርሚ የልብስ ዲዛይን ባለሙያ ነበር፤ ፓኦላ የምትለብሳቸውን ቀሚሶች የነደፈውም እርሱ ነው። የሚያለብሳትም ባለቤቷ የሆነውም በመጋረጃው ላይ አንድ ሰው ነው።

ከዚህ በኋላ ቦዜ በቀላል የፍቅርና የቀልድ ፊልሞችም ታየች። ከእነርሱ መካከል በ1952 የወጣው የሉቻኖ ኤመር «የስፔን አደባባይ ልጃገረዶች» በአንድ የፋሽን ቤት የሚሠሩ ልብስ ሰፊ ልጃገረዶችን ታሪክ ይተርካል። ቦዜ የተጫወተቻት ልጅ ከሰፊነት ተነሥታ ልብስ ለብሳ የምታሳይ ሞዴል ትሆናለች። ፊልሙ ደስ ያሰኛል፤ ግን መርፌውን ጥላ ልብሱን መልበሷ ምን እንዳስከፈላት ሳይጠይቅ ያልፋል። በዚያው ዓመት ዴ ሳንቲስ ያወጣው «ሮማ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት» ግን ከዚህ የተለየ ነው።

ጥር 1951 በሮማ አንድ ጋዜጣ ላይ አንዲት የጽሕፈት መኪና ሠራተኛ እንደምትፈለግ ማስታወቂያ ወጣ። ወደ 200 የሚጠጉ ሴቶች በሳቮያ ጎዳና ወደሚገኘው ሕንጻ መጡ፤ ደረጃው ክብደታቸውን መሸከም አቅቶት ተናደ፤ አንዲት ወጣት ሞተች፤ 77 ቆሰሉ። ፊልሙ ይህን እውነተኛ አደጋ መሠረት ያደረገ ነው። ከድርሰቱ ጸሐፊዎች አንዱ ዛቫቲኒ ነው፤ በኋላ ታዋቂ ዲሬክተር የሆነው ወጣቱ ኤሊዮ ፔትሪም ከአደጋው የተረፉትን ሴቶች እየዞረ በማነጋገር መረጃ ሰብስቧል። ቦዜ የባለጸጋ ቤተሰቧን ትታ ከድኻ ሠዓሊ ጋር የምትኖረውን ሲሞናን ተጫወተች። እዚህ ለእርሷ ብቻ የተከለለ ብርሃን የለም፤ በደረጃው ላይ ከተሰለፉት ከብዙዎቹ አንዷ ናት። ያ ሰልፍ ምን እንደሚመስል አንባቢ ያስተውል። ሴቶች ተራ ይዘው ቆመዋል፤ ከላይ አንድ መራጭ ተቀምጧል፤ የምትመረጠው አንዲት ብቻ ናት። በ1939 የፈገግታን ውድድር በማፍለቅ የተሳተፈው ዛቫቲኒ ከ13 ዓመት በኋላ የዚያን ውድድር ሌላኛውን ገጽ ጻፈ። በስትሬዛ ዘውድ የሚያስደፋው ሰልፍ በሳቮያ ጎዳና ሰው ገደለ።

በ1953 አንቶኒዮኒ «እመቤቲቱ ያለ ካሜሊያ» የተሰኘውን ፊልም ሠራ። ዋናዋ ባለታሪክ ክላራ ማኒ በሚላኖ ሱቅ ስትሸጥ ለመልኳ ተብላ ለፊልም የተመለመለች ልጅ ናት። ቦታው መጀመሪያ የታሰበው ለሎሎብሪጂዳ ነበር፤ እርሷ አልተቀበለችውም። በስትሬዛ ሦስተኛ የወጣችው የተወችውን አንደኛ የወጣችው ወሰደችው። ቦዜ የራሷን ታሪክ የሚመስል፣ ያውም የማያመሰግን ታሪክ ለመጫወት ፈቃደኛ መሆኗ ድፍረት ነው።

ፊልሙ ሲከፈት ክላራ ከአንድ ሲኒማ ቤት ደጃፍ በሌሊት ትንቆራጠጣለች፤ ከዚያ ገብታ ከሕዝቡ መካከል ቆማ በመጋረጃው ላይ ራሷን ታያለች። ፊልም አሠሪው ጃኒ በወላጆቿ ግፊት ያገባታል፤ ካገባት በኋላ ግን ሕዝቡ እንዲያያት ያደረገውን መልክ ሕዝቡ እንዳያይ ይቀናል። ከማባበያ ፊልም አውጥቶ ዣን ዳርክን እንድትጫወት ያደርጋል፤ ፊልሙ በቬኒስ ቀርቦ ይወድቃል። ክላራ ወደ አንድ ዲፕሎማት ትጠጋለች፤ እርሱም የሚፈልገው ዝናዋን እንጂ እርሷን አይደለም። እውነተኛ ተዋናይ ለመሆን መማር ትፈልጋለች፤ የሚጠብቃት ግን የለም። በመጨረሻም በርካሽ የሐረም ፊልም ለመሥራት ትፈርማለች፤ ለፎቶግራፍ አንሺዎች ፈገግ ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የ5,000 ሊሬው ፈገግታ ይህ ነው።

አንቶኒዮኒ የፊልም ገበያውን አሠራር በትክክል ገልጿል። ሆኖም ፊልሙ ያለ ነቀፌታ ሊታለፍ አይገባውም። ክላራ ደካማ የሆነችው ስላላስተማሯት መሆኑን እያሳየ፣ ደካማነቷን ግን እንደ ዕጣ ፈንታ ይዘጋዋል። የምትከራከርበት አንድ ጓደኛ፣ አብሯት የሚሠራ አንድ ባልደረባ አይሰጣትም፤ በስቱዲዮው ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ቢኖሩም ካሜራው ከእነርሱ አንዱን እንኳ ቀርቦ አያነጋግርም። በሽታን መርምሮ መድኃኒት የለውም ብሎ የሚሄድ ሐኪም ይመስላል። ይህን ጉድለት የሚሸፍነው የቦዜ ትወና ነው። ክላራ በመጨረሻው ፈገግታዋ ላይ ምን እየሆነች እንደ ሆነ ታውቃለች፤ ያን ማወቅ በፊቱ ላይ ያኖረችው ተዋናይቷ ናት። ሞኝ ሴትን እንዲህ ሊጫወት የሚችል ሞኝ ያልሆነ ሰው ብቻ ነው።

ከዚያ መንገዷ ወደ ስፔን ወሰዳት። በ1955 ሁዋን አንቶኒዮ ባርዴም «የብስክሌተኛው ሞት»ን ሠራ። ባርዴም በፍራንኮ አገዛዝ ሥር በኅቡእ የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ነበር፤ በ1956 ቀጣዩን ፊልሙን በመሥራት ላይ ሳለ ታስሯል። «የብስክሌተኛው ሞት» በዚያው በ1955 በካን የዓለም አቀፍ ሃያስያን ሽልማትን አገኘ። ታሪኩ እንዲህ ነው። የባለጸጋ ሚስት የሆነችው ማሪያ ሆሴና የዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር የሆነው ወዳጇ ሁዋን በመኪና ሲመለሱ አንድ ብስክሌተኛ ይገጫሉ። ሰውየው ገና አልሞተም። ረድተውት ቢሆን ግንኙነታቸው ይታወቅባቸው ነበር፤ ስለዚህ ጥለውት ይሄዳሉ።

ሁዋን በጸጸት ይነቃል። የሟቹን ቤተሰብ መንደር ሄዶ ያያል፤ በግዴለሽነት የበደላት ተማሪና ጓደኞቿ ሲያምፁበት ዓይኑ ይከፈታል፤ ለፖሊስ ሊናዘዝ ይቆርጣል። ማሪያ ሆሴ ግን አትነቃም። ብስክሌተኛው በወደቀበት በዚያው መንገድ ላይ ሁዋንን ራሷ በመኪና ትገጨዋለች። የቦዜ ፊት በዚህ ፊልም የአንድ መደብ ፊት ነው። በግብዣው አዳራሽ ነገሩን ያወቀ የሚመስለው የሥዕል ሃያሲ ራፋ በፒያኖው ዙሪያ ሲንሾካሾክ፣ ፊቷ ላይ የሚንቀሳቀስ አንድ ጡንቻ የለም፤ ፍርሃቱ ያለው በዓይኗ ዝምታ ውስጥ ነው። ሌላ ተዋናይት ጭራቅ ታደርጋት ነበር። ቦዜ ግን ማሪያ ሆሴ የምትጠብቀው ሕይወቷን ሳይሆን ኑሮዋን መሆኑን አሳየች፤ ያ ኑሮ ከሌለ ወደ ምን እንደምትመለስ ስለምታውቅ ትገድላለች። መጨረሻዋ ግን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይወርድባታል፤ ሌላ ብስክሌተኛ ላለመግጨት መሪ ስትጠመዝዝ ከድልድይ ወድቃ ትሞታለች። በፍራንኮ ሳንሱር ሥር ትዳሯን ያፈረሰች ሴት ሳትቀጣ ልትቀር አትችልም ነበር። ባርዴም ግን በመጨረሻው ደቂቃ አንድ ነገር ጨመረ፤ ያ ብስክሌተኛ ቆሞ ሬሳዋን ያያል፤ ከዚያም መብራት ወደሚታይበት ቤት ርዳታ ለመጥራት ይሮጣል። ባለጸጎቹ ለድኻው ያላደረጉትን ድኻው ለእነርሱ አደረገው።

በዚያው በ1955 ቦዜ በፍራንቼስኮ ማሴሊ «የተበተኑት» በተሰኘው ፊልም ከጦርነቱ የተፈናቀለች የሠራተኛ ልጅ ሆና ተጫወተች። እዚህ እንደ ዴ ሳንቲስ ኮረብታ ሐውልት አልሆነችም፤ በ1943 በመደቡና በኅሊናው መካከል የሚዋልለውን የመኳንንት ልጅ ከፊቱ ቆማ የምትለካው እርሷ ናት። በ1956 ደግሞ በሉዊስ ቡኙዌል «ይህ ንጋት ይባላል» ውስጥ፣ አሠሪውን የገደለን ሠራተኛ ለደበቀው ሐኪም ወዳጅ የሆነችውን ክላራን ተጫወተች። ተዋናይቷ ሙያዋን የጨበጠችው በዚህ ጊዜ ነው። ሥራዋን ያቆመችውም በዚህ ጊዜ ነው።

በ1955 የስፔንን ዝነኛ የኮርማ ተፋላሚ ሉዊስ ሚጌል ዶሚንጊንን አግብታ ነበር። ሦስት ልጆች ወለደች፤ በ25 ዓመቷም ከፊልም ራቀች። በመካከሉ በ1960 በዣን ኮክቶ «የኦርፌዎስ ኑዛዜ» ለአፍታ ከመታየቷ በቀር ከአሥር ዓመት በላይ መጋረጃው ባዶ ሆኖባት ቆየ። የጋዜጣ ዓለም ይህን ዘመን እንደ ተረት ቤተ መንግሥት ሲያወራው ኖሯል፤ የፒካሶ ወዳጅነት፣ ትልቁ ቤት፣ ግብዣው። በዚያን ጊዜ በስፔን ሕግ ያገባች ሴት ውል ለመዋዋልና ደመወዝ ለሚያስገኝ ሥራ ለመቀጠር የባሏ ፈቃድ ያስፈልጋት እንደ ነበር ግን አይነገርም። ያ ሕግ የተሻረው በ1975 ነው። «እመቤቲቱ ያለ ካሜሊያ» ልብ ወለድ ነበር፤ ባል ሚስቱን ከመጋረጃ የሚያወርድበት ኃይል ግን በሕግ መጽሐፍ የተጻፈ ነበር።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ከባሏ ተለየችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚህ ወዲያ የመጡት ፊልሞች ለገበያ የሚመቹ አልነበሩም፤ የፔሬ ፖርታቤያ «ኖክቱርኖ 29»፣ የታቪያኒ ወንድማማቾች «በጊንጥ ምልክት ሥር»፣ የፌሊኒ «ሳቲሪኮን»። በ«ሳቲሪኮን» (1969) የሮማ ባለ ማዕረግ ሚስት ሆና ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ትታያለች። ባልና ሚስቱ ባሮቻቸውን ነፃ ያወጣሉ፤ ልጆቻቸውን ያሰናብታሉ፤ ከዚያ በጸጥታ ራሳቸውን ያጠፋሉ። በፊልሙ ሁካታ መካከል ሰው የሆነ ሰው የሚታየው በዚህ ቦታ ነው። የ38 ዓመቷ ፊት ከእንግዲህ ማንንም አያባብልም፤ ስለዚህም ይታመናል።

የዚህ ሁለተኛ ዘመን ዋና ሥራ ግን የደራሲዋ የማርጌሪት ዱራስ «ናታሊ ግራንዤር» (1972) ነው። ፊልሙ የተነሣው በዱራስ በራሷ ቤት፣ በጥቁርና ነጭ ነው። ቦዜ ከትምህርት ቤት ለተባረረች አመፀኛ ልጅ እናት ናት፤ ከእርሷ ጋር ዣን ሞሮ አለች። ሁለቱ ሴቶች ሳህን ያጥባሉ፤ ጠረጴዛ ይጠርጋሉ፤ ወረቀት ያቃጥላሉ፤ ጥቂት ይናገራሉ። ለትዕግሥተኛ ተመልካች እንጂ ለችኩል አይሆንም፤ አንዳንዱ ዝምታም ከሚገባው በላይ ይረዝማል። ነገር ግን በመካከሉ አንድ ወጣት በር አንኳኩቶ ይገባል። ቤት ለቤት እየዞረ የልብስ ማጠቢያ መኪና የሚሸጥ ነው፤ የተጫወተውም ገና ያልታወቀው ጄራር ዴፓርዲዩ ነው። የተሸመደደ የማስታወቂያ ቃሉን ያዘንባል። ሴቶቹ አይስቁበትም፤ አይቆጡትም፤ ዝም ብለው ያዩታል። ቀስ በቀስ ቃሉ ያልቅበታል፤ እነርሱም በእርግጥ ሻጭ እንዳልሆነ ይነግሩታል፤ እርሱም ሊያስተባብል ሞክሮ ይሸነፋል።

የቦዜ መንገድ በዚህ ትዕይንት ሙሉ ክብ ይዞራል። የተጀመረው በጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ በተወለደ ውድድር ነበር። በዚያ መድረክ እርሷ ትቆማለች፤ ገበያው ተቀምጦ ያያታል። በዱራስ ቤት ግን ገበያው ከፊቷ ይቆማል፤ ተቀምጣ የምታየው እርሷ ናት። ያን ሻጭ ያፈታው ቁጣ ወይም ንግግር አይደለም፤ ሲታይ የኖረ ሰው ማየት ሲጀምር የሚኖረው ኃይል ነው። ይህን ኃይል ስትሬዛ አልሰጣትም። አንቶኒዮኒና ባርዴም መንገዱን አሳዩአት፤ የቀረውን ባንኮኒው፣ ትዳሩና ዕድሜው አስተማሯት።

ከዚያ ወዲያ በ1987 በፍራንቼስኮ ሮዚ «አስቀድሞ የተነገረ ሞት ዜና መዋዕል» የሟቹ ወጣት እናት ሆና ተጫወተች፤ እስከ እርጅናዋም መሥራቷን አላቋረጠችም። በ2000 በሴጎቪያ አውራጃ በቱሬጋኖ ከተማ፣ በአሮጌ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ፣ የመላእክት ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ የተሰበሰበበት ቤተ መዘክር አቋቋመች። ጸጉሯን ሰማያዊ ቀለም እየቀባች በአደባባይ ትታይ ነበር፤ ቆንጆ እንድትሆን የሚጠብቃት ማንም እንደማያዝባት የምታሳይ ይመስል። መጋቢት 2020 በ89 ዓመቷ በሴጎቪያ አረፈች።

የቦዜ ታሪክ ቁንጅና ለተዋናይ ጠላት ነው አያሰኝም፤ መልካም መልክ በራሱ በደል አይደለም። የሚያሳየው መልክ ለመጀመሪያው ቀን የሚበቃ መሆኑን፣ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ግን ሌላ ነገር የሚጠየቅ መሆኑን ነው። ለመድረክም ሆነ ለካሜራ ወጣቶችን የሚመለምሉ ሰዎች ፊቱን ካገኙ በኋላ ባለ ፊቱን ምን ያስተምሯታል? ድምፅ ይሰጧታል ወይስ ድምፅ ይተኩላታል? ማጆራኒ ወደ ፋብሪካው ሲመለስ በሩን የዘጋበት ማን ነበር? ጥያቄዎቹ ለመልማዩ ብቻ ሳይሆን ፊልም አይቶ ለሚወያይ ተመልካችም የቀረቡ ናቸው። ለዚህ ውይይት «እመቤቲቱ ያለ ካሜሊያ»ንና «ናታሊ ግራንዤር»ን በተከታታይ ማሳየት ይጠቅማል፤ በመጀመሪያው ፊልም ፈገግ የምትለውና በሁለተኛው ፊልም ዝም የምትለው ሴት አንዲት መሆኗን ተመልካቹ ራሱ ይፍረድ።